ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ከመፍራት ይልቅ መመርመር እንደሚሻል

አንድ አጎቴ በፍርድ ቤት አጠገብ ተቀምጠው የባለጉዳዮችን ማመልከቻ በመጻፍ ከ20 ዓመት በላይ ቤተ ሰባቸውን አስተዳድረዋል። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት በተመለስኩ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ይህ ራሱ ያስባል የሚሉት መኪና እንጀራዬን ሊወስድብኝ ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ቀን በቂ መልስ አልነበረኝም። ይህን አጭር ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም እንደ እርሳቸው ያለ ሥጋት ላደረባቸው አንባብያን ነገሩን በሚቻለኝ መጠን ለማስረዳት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ጥናት የትናንት አይደለም። ስሙን በእንግሊዝኛ ያወጣው ጆን ማካርቲ የተባለ ሊቅ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 በአሜሪካ አገር በዳርትመዝ ኮሌጅ ስለዚሁ ጉዳይ የጥናት ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ጆሴፍ ዋይዘንባም «ኤላይዛ» የተባለች፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የምትነጋገር ፕሮግራም አስታወቀ። ኤላይዛ የሰውየውን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልስለት ነበር እንጂ ምንም የምታስተውለው ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች የልባቸውን ምስጢር እስከ ማዋየት ስለ ደረሱ፣ ነገሩ ሠሪዋን ራሱን አስደነገጠው። እንግዲህ አንድ መሣሪያ አሳምሮ ስለ ተናገረ ብቻ ያስተውላል ብሎ ማመን የቈየ ስሕተት ነው።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከኤላይዛ እጅግ የላቁ ናቸው። አሠራራቸውን ለመረዳት ግን አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ሰው «ድር ቢያብር» ብሎ ዝም ቢል፣ ሰሚው «አንበሳ ያስር» ብሎ ይጨርስለታል፤ ይህንም የሚያደርገው ስለ ድርና ስለ አንበሳ ተመራምሮ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ስለ ሰማው ነው። መሣሪያውም እንዲሁ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እንዲገምት ይደረጋል፤ በተሳሳተ ጊዜ ሁሉ በውስጡ ያሉት የሒሳብ ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ ሥራ ያለ መጠን ሲደጋገም ግምቱ እየተቃና ይሄድና ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ለመተርጐም፣ ለጥያቄም መልስ ለመስጠት ይበቃል። ስለዚህ ዋናው ትምህርቱ የትኛው ቃል ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ነው እንጂ፣ የተጻፈው ነገር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ አይደለም።

ይህን ካጠናሁ በኋላ ወደ አጎቴ ተመልሼ፣ ስለ ብድር ገንዘብ አንድ ማመልከቻ እንዲጽፍ መሣሪያውን በፊታቸው አዘዝኩት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ባማረ አማርኛ ጽፎ አወጣ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡት በኋላ ሣቁ። መሣሪያው «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 4012» ብሎ ጠቅሶ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በቁጥር 3367 ይፈጸማል። «ይህስ ሕግም ያወጣል!» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚነግረኝ ንዴቱን ነው፤ ጉዳዩን የማገኘው ጠይቄ ጠይቄ ነው» አሉ።

ቢሆንም ሥጋታቸው ፈጽሞ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ቀላሉን ማመልከቻ ባለጉዳዩ ራሱ በስልኩ ሊያስጽፈው ይችላል። ነገር ግን ፍርሃት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። የሚፈራ ሰው መሣሪያውን አይመረምረውም፤ ያልመረመረውም ሰው ቁጥር 4012ን አምኖ በዳኛ ፊት ይቀርባል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀናል። መሣሪያዎቹ ይበልጡን የተማሩት በእንግሊዝኛና ብዙ ጽሑፍ ባላቸው ሌሎች ቋንቋዎች ነው፤ የአማርኛው ጽሑፍ ከነዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለ ሆነ በቋንቋችን ስሕተታቸው ይበዛል። እንግዲህ የሕጉን፣ የሕክምናውንና የእርሻውን ዕውቀት በቋንቋችን አጥርቶ መጻፍ፣ መሣሪያው የሚሰጠውንም መልስ ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር የእኛ ፋንታ ነው።

አጎቴ ዛሬ አንዳንዱን ረቂቅ በመሣሪያው ያስጽፋሉ። የሕግ መጽሐፋቸው ግን ከጠረጴዛቸው ላይ አልተነሣም።