የሚያዘግም መጸዳጃ፦ ከውሃ ሳጥኑ እስከ ማንሆሉ

የውሃ መጸዳጃ ሞተርም መብራትም የማይፈልግ ማሽን ነው። ከፍ ባለ ሳጥን ውስጥ የተጠራቀመ ጥቂት ሊትር ውሃ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ውሃው በገዛ ክብደቱ ወርዶ ቆሻሻውን በመቀመጫው ጉሮሮ በኩል ገፍቶ ወደ ቧንቧው ያሻግረዋል። ደህና መጸዳጃ ይህን ሁሉ በ4 ወይም በ5 ሰከንድ ይጨርሳል። ውሃው መቀመጫው ውስጥ ከፍ ብሎ ከቆየ በኋላ እየተጎተተ ሲወርድ፣ ሶፍቱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሲቀር፣ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ መልቀቅ ግድ ሲሆን መጸዳጃው አዝግሟል ማለት ነው።

ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። በሳጥኑ ውስጥ ውሃ አስገብቶ በልኩ የሚዘጋ ተንሳፋፊ፣ ውሃውን ይዞ የሚቆይ የጎማ ክዳንና ትርፉን የሚያፈስ ቀጥ ያለ ቱቦ አሉ። ከሥር መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ከንፈር በታች ውሃ የሚረጩ ቀዳዳዎች፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ላይ ታጥፎ የሚወርደው ጉሮሮ ይገኛሉ። በጉሮሮው እጥፋት ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀረው ውሃ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ያግዳል። በዚህ የታጠፈ ቧንቧ ላይ እስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ በ1775 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቷል፤ ቅርጹ ቢሻሻልም መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው።

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ፣ መጸዳጃ ሲያዘግም መጀመሪያ የሚከሰሰው የውሃ ግፊት ነው። ክሱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አያስቸግርም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ለከተማዋ ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል። ሌሊት መጥቶ ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም ሻወሩ ይንጠባጠባል፣ ፎቅ ላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ይተፋል። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው የመጸዳጃውንም ድካም ለግፊቱ ቢሰጥ አይፈረድበትም። ሆኖም ስሕተት ነው፤ ያውም ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት። ለመጸዳጃው ሲባል ፓምፕ የሚገዛ፣ ሮቶውን በብረት ማማ ላይ ይበልጥ ከፍ የሚያስደርግ ባለቤት ብዙ ነው፤ ወጪው ወጥቶ መጸዳጃው እንደነበረው ይቀጥላል።

ሳጥን ያለው መጸዳጃ ከቧንቧው ግፊት ጋር ያለው ዝምድና ተንሳፋፊው ላይ ያበቃል። ውሃው አንዴ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ከለገዳዲ ይምጣ፣ ከጣሪያ ሮቶ ይውረድ፣ ወይም በእጅ ይሞላ ለውጥ የለውም፤ የሚወድቀው ከሳጥኑ ከፍታ ብቻ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ከሳጥኑ እስከ መቀመጫው ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግፊቱም የዚያ ሃያኛ እጅ ይሆናል። መጸዳጃ የተቀረጸው በዚህችው ትንሽ ግፊት እንዲሠራ ነው። ቆሻሻውን የሚገፋው የውሃው መጠንና ሳይቆራረጥ በፍጥነት መድረሱ ነው። 6 ሊትር ውሃ በ4 ሰከንድ ሲወርድ ጉሮሮውን ሞልቶ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይሄዳል። ያው 6 ሊትር በግማሽ ደቂቃ ቢፈስ ግን በጉሮሮው ጫፍ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ ምንም አይገፋም።

የቧንቧው ግፊት የሚወስነው ሳጥኑ ተመልሶ የሚሞላበትን ጊዜ ነው። ውሃው ቀጭን በሆነ ቀን ሳጥኑ ለመሙላት 10 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል። ግማሽ ሳይደርስ እጀታውን የሚጫን ሰው የሚያገኘው ግማሽ ጉልበት ነው፤ ይህንንም አይቶ «ግፊት የለውም» ይላል። መድኃኒቱ መጠበቅ ብቻ ነው። በአንዳንድ ሆቴሎችና የቢሮ ሕንፃዎች የሚታየው ሳጥን አልባው መጸዳጃ፣ ማለትም በግድግዳው ቫልቭ ከቧንቧው በቀጥታ ውሃ የሚለቀው፣ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ እርሱ ያለ ግፊት አይሠራም። በመኖሪያ ቤት ግን እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከባልዲ ነው። ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ባልዲ የሌለው መታጠቢያ ቤት አይገኝም፤ ሁሉም የሚያስበው ግን የሳጥኑ ምትክ እንደሆነ ብቻ ነው። ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ በባልዲ ተይዞ፣ ከመቀመጫው ብዙም ሳይርቅ፣ ባንድ ጊዜ መሃል ለመሃል ይደፋል። ውሃው ግልብጥ ብሎ ከወረደ ጉሮሮውም ቧንቧውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው በሳጥኑ ወይም በከንፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። በባልዲም ቢሆን ቀስ ካለ ወይም ወደ አፍ ከፍ ካለ ጥፋቱ ከታች ነው፤ ሳጥኑን መፍታትና ዕቃ መቀየር ዋጋ የለውም። ችግሩን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ፈተና ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። ቧንቧ ሠራተኛ ከመጠራቱ በፊት መደረግ ይገባዋል፤ የተጠራውም ባለሙያ ባልዲ ሳይጠይቅ መፍቻ ካወጣ ቆም እንዲል ቢጠየቅ መልካም ነው።

ፈተናውን የሚያበላሸው ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጠባብ አፉ አየር እየዋጠ ውሃውን እየቆራረጠ ስለሚያወርድ የጉሮሮውን እጥፋት የሚሞላ ፍሰት አይሰጥም። ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን ተፈስሶ ቆሻሻው ባለበት መቅረቱ በየቤቱ የሚታይ ነው፤ ተሸክመው ያመጡት ውሃ በከንቱ ያልቃል። ያንኑ ውሃ ወደ ባልዲ ገልብጦ ሲሶውን ባንድ ጊዜ መድፋት ይበቃል።

ባልዲው ጥፋቱ ከላይ መሆኑን ካሳየ የሳጥኑ ክዳን ይነሣል። የውሃው ከፍታ ከትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ አፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ተንሳፋፊው ከፍ እንዲል ይስተካከላል። ቀጥሎ የጎማው ክዳን ይታያል። ሰንሰለቱ ከላላ ክዳኑ በግማሽ ተነሥቶ ቶሎ ይወድቃል፤ ጎማው ካረጀ ደግሞ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ አድሮ ጠዋት ሳጥኑ ጎድሎ ይገኛል። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው በውሃ የተሞላ ሃይላንድም ሌላው ምክንያት ነው። 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚይዙት ለድሮዎቹ ሳጥኖች ሃሳቡ ደህና ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ግን በአብዛኛው 6 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቁልፎቹም በትንሹ ቁልፍ 3 ሊትር ብቻ የሚለቁ ስለሆኑ ከዚያ ላይ የሚቀነስ የላቸውም። ሃይላንዱ የቆጠበው ውሃ በሁለተኛው መልቀቅ ይሄዳል።

የከንፈሩ ቀዳዳዎች ተረስተው የሚኖሩ ናቸው። የጉድጓድ ውሃ ከግድብ ውሃ የበለጠ ማዕድን ስለሚይዝ በዓመታት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ቀዳዳዎቹን ያጠብባል፤ ከሮቶው ሥር የተጠራቀመው ደለልም አብሮ ይገባል። ትንሽ መስታወት ከከንፈሩ ሥር ይዞ ማየት በቂ ነው። ሞቅ ያለ ኮምጣጤ በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ በኩል ተጨምሮ ቢያድር ቅርፊቱን ያላላዋል፤ በነጋታው ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋሉ። ሮቶው በዓመት አንዴ ካልታጠበ ግን ደለሉ ተመልሶ ይመጣል።

ጥፋቱ ከታች ሲሆን ነገሩ ይሰፋል። ቅርቡ ጉሮሮው ነው፤ እዚያ የሚያዘው ነገር በአብዛኛው መጣል ያልነበረበት ነው። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ፌስታል፣ ጋዜጣ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቡና አተላ። ሶፍት ውሃ ውስጥ እንዲበታተን ሆኖ ይሠራል፤ የምግብ ቤት ናፕኪን ግን ረጥቦም እንዳይቀደድ የተሠራ ነውና አይበታተንም። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱንም በየብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትቶ ማማሰል ነው። እንግዳ ሲመጣ ሶፍት ያለቀበት ቤት ናፕኪን የሚያቀርብ ከሆነ ክዳን ያለው ቅርጫት አብሮ ማቅረብ ግዴታው ነው።

የተያዘውን ለማስለቀቅ እጀታ ያለው የጎማ ቆብ ይቀድማል። ቆቡ በውሃ ተሸፍኖ አፉን ገጥሞ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ተጭኖ በኃይል ይሳባል፤ የሚሠራው መሳቡ ነው። ካልሆነ ጠምዛዛው ሽቦ ይገባል። በሱቅ የሚሸጥ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ የመጨረሻም አማራጭ መሆን የለበትም፤ ጨርቅና ፕላስቲክ አያሟሟም፣ ቧንቧውን የሚከፍተውን ሠራተኛ ግን ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው በረኪና ላይ አሲድ መጨመር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብና መስኮቱ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ሕይወትም ያጠፋል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ደግሞ ይበረታሉ» ብሎ ማሰብ ፈጽሞ መቆም ያለበት አደገኛ ልማድ ነው።

ከጉሮሮው ያለፈ መዘግየት የቤቱን ታሪክ ይጠይቃል። ካዛንቺስ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የተሠሩበት ሰፈር ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዞረ በኋላ በአካባቢው ብዙ ግቢዎች ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ፤ በነዚህ የቀበሌ ቤቶች የተለመደው በግቢው ጥግ ያለ የጋራ መጸዳጃ ነበር። ኋላ የቻለ ቤተሰብ የራሱን የውሃ መጸዳጃ ከኩሽናው ጎን ቀጠለ፤ ቧንቧው ግን ቀድሞ ባልታሰበለት መሬት ሥር፣ ግቢውን ሁሉ አቋርጦ፣ ብዙ ጊዜም ያለ በቂ ቁልቁለት አለፈ። 110 ሚሊ ሜትሩ የፒቪሲ ቧንቧ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሜዳ ላይ ከተጋደመ ቆሻሻው መንገድ ላይ ይቀራል፣ በየወሩም ይደፈናል። እንዲህ ያለው ቧንቧ በሽቦ ቢጠረግ ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ተቆፍሮ ቁልቁለቱ መስተካከል አለበት።

እግረ መንገድ የሚዘለለው የአየር ማስወጫ ቱቦ ነው። ከፍሳሽ ቧንቧው ተነሥቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣው ይህ ቱቦ ውሃው ሲወርድ አየር ያስገባል። ከሌለ ወይም ከተደፈነ ውሃው እየተንቦቀቦቀ ይወርዳል፤ አጠገቡ ያለው የገንዳ መውረጃም ያጉረመርማል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የሁሉም ፎቅ ፍሳሽ በአንድ ቋሚ ቧንቧ ስለሚወርድ ከሥር ሲደፈን የሚሠቃየው የምድር ቤቱ ነዋሪ ነው፤ ጥፋተኛው አራተኛ ፎቅ ቢሆንም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ከተዛወሩት መካከል ከጋራ ጉድጓድ መጸዳጃ በቀጥታ ወደ ውሃ መጸዳጃ የገቡ አሉ። ከቤቱ ቁልፍ ጋር ስለ ባልዲውና ስለ ቅርጫቱ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ብዙ ችግር ባልደረሰ ነበር።

ከቤት ውጭ የመጀመሪያው ማቆሚያ ማንሆሉ ነው። ክዳኑ ተነሥቶ አንድ ሰው ውስጥ ውሃ ሲለቅ ሌላው ይመለከታል። ማንሆሉ ደረቅ ሆኖ ውሃው ዘግይቶ ከመጣ የተደፈነው በቤቱና በማንሆሉ መካከል ነው፤ ማንሆሉ ራሱ ሞልቶ ከቆመ የተደፈነው ከዚያ ወዲያ ነው። ቤቱ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ከተገናኘ ፍሳሹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቃሊቲው ማጣሪያ ይሄዳል። ማጣሪያው ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲቀበል ተደርጓል። በዚህ መስመር ላይ ያለ መዘጋት የሚመለከተው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንን ነው፤ ነዋሪው በብረት ዘንግ መጎርጎር የለበትም። የጣሪያ ውሃን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘትም በክረምት የሰፈሩን ማንሆሎች ሁሉ ያስገነፍላል።

መስመሩ ያልደረሰው ቤት በሴፕቲክ ታንክ ይኖራል። በታንኩ ውስጥ ዝቃጩ ወደ ታች፣ ቅባቱ ወደ ላይ ይለያል፤ መሃል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። በቤቱ ያሉ መውረጃዎች ሁሉ አብረው ሲያዘግሙ ታንኩ መሙላቱን ያመለክታል። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚያዘግም ከሆነ ግን ጥፋቱ በዝናብ የጠገበው ሸክላ አፈር ነው፤ ማስረጊያው የሚሰጠውን ውሃ የሚቀበልለት አጥቷል።

የፍሳሽ ቦቴ የሚጠራው ዝቃጩና ቅባቱ የታንኩን ሲሶ ያህል ሲይዙ ነው። ቦቴው የሚስበው በአየር ግፊት ስለሆነ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ አቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊስብ የሚችለው ባዶ አየር አዲስ አበባ ላይ የሚስበው ከ8 ሜትር በታች ነው፤ ወፍራም ዝቃጭ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ስለዚህ ታንኩ ጥልቅ ከሆነና መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ቱቦው በጠባብ መተላለፊያ ከተዘረጋ ውሃው ብቻ ተስቦ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል። ባለቤቱ ቆሞ ማየት፣ ዝቃጩም በውሃ ተበጥብጦ እንዲሳብ መጠየቅ ይኖርበታል።

በምንም ምክንያት ሰው ታንኩ ውስጥ መውረድ የለበትም። እዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በብዛት ሲሆን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ መስሎት የወረደ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮት ይሞታል። የወደቀ ዕቃ ቢኖር በዘንግ ይወጣል፤ ካልወጣ እዚያው ይቅር።

ዝቃጩ ከተነሣለት በኋላ ታንኩ እርሾም ሆነ በጥቅል የሚሸጥ ዱቄት መጨመር አያስፈልገውም፤ ዝቃጩን የሚያፈርሰው ባክቴሪያ ከሰው አንጀት ከፍሳሹ ጋር ይመጣል። የሚጎዳው በገፍ የሚደፋ በረኪና ነው። ዝቃጩ የተነሣበት ቀን ከክዳኑ አጠገብ በቀለም ቢጻፍ ቀጣዩ ጊዜ መቼ እንደሆነ ያሳውቃል። ክዳኑም የጎርፍ ውሃ እንዳይገባበት ዙሪያው በሲሚንቶ ይደፈናል።