የአንበሳ መቀስ፣ የሰው ወፍጮ

ሥጋ መብላት ለሰው ልጅ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ዘወትር ለምስክርነት የሚጠራው ክራንቻ ነው። አንደኛው ወገን መኖሩን፣ ሌላኛው ማነሱን ይጠቅሳል። ክራንቻ ግን ታዳኙን ይይዛል፣ ይገድላል እንጂ ሥጋውን ለመዋጥ አያደርስም። እውነተኛው ምስክር ከኋላ ያለው መንጋጋ ነው።

አንበሳ 30 ጥርሶች ሲኖሩት መንጋጋዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ የላይኞቹ ሁለቱ ደግሞ እዚህ ግባ የማይባሉ ትንንሾች ናቸው። ዋናው ሥራ የሚከናወነው በግራም በቀኝም በተጣመሩ ሁለት ስል ጥርሶች ነው፦ ከላይ የመጨረሻው ቅድመ መንጋጋ፣ ከታች ብቸኛው መንጋጋ። አፉ ሲገጥም የታችኛው የላይኛውን ውስጠኛ ጎን ታክኮ እንደ መቀስ ያልፋል። የመንገጭላው መጋጠሚያም ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እምብዛም አያንቀሳቅስም። የቤት ድመት ሥጋ ስትበላ አንገቷን ዘንበል የምታደርገው ቁራሹን ወደነዚሁ ጥርሶች ለማድረስ ነው። አንበሳም ሆነ ድመት ቆርጠው ይውጣሉ እንጂ ያላምጣሉ ለማለት ያስቸግራል።

ሥጋ በል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። 42 ጥርሶች ያሉት ውሻ ከመቀሱ ኋላ የሚጨፈልቁ መንጋጋዎች ስላሉት ከሥጋ ውጪ ያለውንም ምግብ ይችለዋል። ጅብ በበኩሉ አጥንት የሚሰባብረው ከመቀሱ ፊት ባሉት ወፋፍራም ቅድመ መንጋጋዎች ነው፤ በዚህም የመቀሱን ስለት ያተርፋል።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ ከ32 ጥርሶች 12ቱ መንጋጋዎች ናቸው። አናታቸው ሰፊ፣ አራት ወይም አምስት ጉብታ ያለው ሲሆን፣ መንገጭላችን ወደ ጎን ሲንሸራተት ልክ እንደ ወፍጮና መጅ ይፈጫሉ። ለፍሬና ለሥራሥር ይህ ተስማሚ ነው። ጥሬ ሥጋ ግን ይለጠጣል እንጂ አይፈጭም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ካትሪን ዚንክና ዳንኤል ሊበርማን ይህንኑ በፍየል ሥጋ ፈትነው በ2016 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ያልተቆረጠው ጥሬ ሥጋ ቢታኘክ ቢታኘክ ለመዋጥ የሚመች ቁራሽ አልሆነም። በስሌታቸው መሠረት፣ ከምግቡ ሲሶው ሥጋ የሆነ፣ ሥጋውን ቆርጦ ሥራሥሩን ወቅጦ የሚበላ ጥንታዊ ሰው የማኘክ ብዛቱ በ17 በመቶ፣ የሚያወጣው ኃይል ደግሞ በ26 በመቶ ይቀንስለት ነበር። ቁርጥ ከነቢላው የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጎደለን መቀስ እሱ ነው።

የዚህ ቢላ ጥንታዊ አሻራ የሚገኘው አፋር ውስጥ ነው። በጎና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ስለት ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በቡሪ ደግሞ በድንጋይ ስለት የተቆራረጡ የእንስሳት አጥንቶች፣ ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በ1999 ይፋ ካደረጉት ከአውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ጋር በአንድ ዘመን ደለል ውስጥ ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጋርሂ በአፋርኛ «ያልተጠበቀ» እንደ ማለት ነው። በእርግጥም ያልተጠበቀ ነበር፤ መንጋጋዎቹ እጅግ ግዙፍ ናቸውና።

ከዚያ በኋላ በመጡት የሰው ዘሮች መንጋጋ እያነሰ ሄዷል። ድንጋዩ ይቆርጣል፣ ኋላም እሳቱ ያለሰልሳል፤ ጥርስ ሥራው ቀለለለት። መንገጭላውም አብሮ አጠረ። ዛሬ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ፣ የጥበብ ጥርስ የሚባለው፣ ብዙዎችን ወደ ጥርስ ሐኪም የሚልከው ቦታ አጥቶ ነው፤ በአንዳንዶች ዘንድ ደግሞ ጭራሹን አይበቅልም።