ከግንዱ በፊት

ሜዳችን ላይ ያለው መሰናክል የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ሁለት ባላ ተክለን፣ በሜትር ለክተን፣ 91.4 ሳንቲ ሜትር ላይ አጋደምነው፤ ለአዋቂ ወንዶች የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። የውሃ ጉድጓድ የለንም። ቢኖረንም ለእንጅባራ ልጅ ብርቅ አይሆንበትም፤ በዝናብ ጊዜ ጅረት እየዘለለ ነው ትምህርት ቤት የሚመላለሰው።

ውሃ የማይፈራ ልጅ ግንድ ሲፈራ ሳይ መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የ110 ሜትር መሰናክል ሲመቱት ይወድቃል፣ የ3 ሺህ ሜትሩ ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሚወድቀው ሯጩ ነው። 28 ጊዜ ደረቁን፣ 7 ጊዜ ውሃ ያለበትን መዝለል አለበት፤ ያውም በሰው መሃል እየተጋፋ፣ በየትኛው እግሩ እንደሚነሳ አስቀድሞ ሳያውቅ።

አሁን የማሠለጥነው ልጅ 15 ዓመቱ ነው፤ በወረቀት። (እናቱን ስጠይቃት "የጥምቀት ማግስት ነው የወለድኩት፤ ዘመኑን አባቱን ጠይቅ" አለችኝ። አባትየው ደግሞ ወደ እሷ መለሰኝ።) ከቤተሰቡ ጋር የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ያከስላል፤ ልምምድ ሲመጣ መዳፉ ጥቁር ነው። በሜዳ ሩጫ እኩዮቹ አይደርሱበትም። ግንዱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ግን ያ ረጅም እርምጃው ይቆራረጣል፦ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ እጁን ተደግፎ ይሻገራል። መስከረም ላይ ግንዱ በጥቁር አሻራ ተሞልቶ ነበር።

ግንዱን መሬት ላይ አወረድኩት። አንድ ወር ሙሉ ሳይሮጥ፣ በእርምጃ ብቻ አሻገርኩት፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። በሁለተኛው ወር ወደ ጉልበቱ ቁመት ከፍ አደረግሁት። ቅዳሜ ዳንግላ ላይ የማሠለጥናቸው ልጆች ይህን ያህል ታግሰው አያውቁም፤ እሱን ያስቻለው ከሰል ይመስለኛል። ከሰል ሲከሰል ጉድጓዱን ቶሎ የከፈተ አመድ ነው የሚያገኘው።

አንድ ቀን እናቱ ገበያ ላይ አስቆመችኝ።

"መምህር፣ መቼ ነው ውጭ አገር የሚሄድ?"

"እታለም፣ ገና ነው" ብዬ የመሰናክል ሯጩን የጌትነት ዋሌን ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖላንድ ቢድጎሽ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ጌትነት በመሰናክል ነሐስ ሲያገኝ ገና 16 ዓመቱ ነበር። እዚያው ውድድር ላይ በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ የወሰደው ሰለሞን ባረጋም እኩያው ነው። በ2018 ጌትነት ታምፔሬ ላይ በዚሁ ሻምፒዮና ነሐሱን ደገመው። በ2019 የዳይመንድ ሊግ አሸናፊ ሆነ፣ በዚያው ዓመት ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮና አራተኛ ወጣ። የካቲት 2021 ላይ ሁለቱ እኩዮች ፈረንሳይ ሊዬቫ ውስጥ በ3 ሺህ ሜትር የቤት ውስጥ ሩጫ ተገናኙ፤ ጌትነት በ7:24.98 ሰለሞንን ቀደመ። ዳንኤል ኮመን በ1998 ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ሳይሰብር የቀረው በ8 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ክረምት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰለሞን የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀ፣ ጌትነት በመሰናክል እንደገና አራተኛ።

"አራተኛ ምን ይሰጡታል?" አለች።

"ሜዳሊያ የለውም።"

ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ከሰሉን አይተውም" ብላ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። እኔ ለማሳየት የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ በ16 ዓመታቸው ጎን ለጎን የቆሙ ልጆች በ21 ዓመታቸው የት እንደሚደርሱ ከሜዳ ዳር ቆሞ የሚያውቅ አሰልጣኝ የለም። እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ አውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ነበረኝ። ዕድሜው ሳይደርስ ከአዋቂዎች ጋር አሰለፍኩት፤ አሸነፈ። እኔም ሜዳሊያውን ቢሮ ሰቀልኩት። በወሩ ማሰለፉን ደገምኩት፣ ከዚያ ሠለስኩት። ቅልጥሙን ሲያመው "ይለቅሃል" አልኩት። አለቀቀውም። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ይህን ሳወራለት ልጓሙን እያስተካከለ "ውርንጭላ ጉግስ ታስገባለህ እንዴ?" ብሎኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ያ ልጅ አሁን ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባገኘኝ ቁጥር "መምህር፣ ግባ" ይለኛል፣ ሒሳብ አይቀበለኝም። እሱ ባይቀበል ይሻለው ይሆናል፤ እኔን ግን መክፈል ይቀለኝ ነበር።

የከሰሉ ልጅ ዘንድሮ ውድድር አልገባም። የስፖርት ጽሕፈት ቤት ስሙን ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለቴም አልሰጠሁም። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ዘንቦ ግንዱ ታጥቦ አደረ። ጠዋት አሥራ ሁለት ጊዜ ተሻገረው፤ ሰባቱን በግራ። ሲጨርስ ሄጄ አየሁት። ግንዱ ላይ አንድ አሻራ ብቻ ነበር።