ኋላው ክፍት ስኒከር፦ ለየትኛው መንገድ?

እመቤት ሆይ! የጣርማ በርን ብርድ ትተው፣ ደብረ ሲናን አልፈው፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱን ቀድሞ የሚነግርዎ እግርዎ ነው። ስለዚህ የቀወት ሰው ለሸበጥና ለነጠላ ጫማ ቢያደላ አያስደንቅም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርግ፣ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ለሚያወልቅ የይፋት ሰው ቶሎ የሚጠለቅና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይመቻል።

አሁን ደግሞ ሸበጥና የሩጫ ጫማ የተዳቀሉበት ዓይነት መጥቷል። ፊቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ እንደ ቀረበው እንደ ናይኪ ኮርቴዝ ያለ የድሮ የሩጫ ጫማ ይመስላል፤ ኋላው ግን ክፍት ነው። ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ልጆቻችን የስኒከራቸውን ኋላ ረግጠው እንደ ሸበጥ ሲጎትቱት ስንቆጣ ኖረናል።

ታዲያ ይህን ጫማ እንግዛ ወይስ እንተው? መልሱ ያለው በተረከዙ ላይ ነው። የሩጫ ጫማ ኋላ ለጌጥ አልተሠራም፤ ተረከዝን አቅፎ እግር ከጫማው እንዳይወጣ ይይዛል። እርሱ ሲቀር እግር ጫማውን ላለመጣል ጣቶቹን ያጨማድዳል። መንገዱ ሲረዝም ጣትና ባት ይደክማሉ፤ በደረጃና በድንጋያማ መንገድም መደናቀፍ ይከተላል። ልጅ አዝላ ወይም ዕቃ ተሸክማ የምትሄድ እናት ብትወድቅ የምትጎዳው ብቻዋን አይደለም።

ስለዚህ ለቤት፣ ለግቢና ለጎረቤት ቡና ይጫሙት። እሾህና ጊንጥ ባለበት የመስኖ ማሳ ግን ተረከዝን ገልጦ መዋል አይገባም። ባጃጅ ወይም መኪና የሚነዳ ባለቤት ወይም ልጅ ካለዎ፣ ከእግር ያመለጠ ጫማ ፍሬን ሥር ሊገባ እንደሚችል ይንገሩት። የስኳር ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝ፣ ቁስሉም ላይሰማው ስለሚችል ልኩ የሆነ ዝግ ጫማ ያስፈልገዋል። ሮጦ የማይጠግብ ሕፃንም እንዲሁ ነው።

የቤትዎ ገንዘብ ለአንድ ጫማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኋላው ያለውን ይግዙ፤ ኋላውንም አያስረግጡ። አንዴ የተሰበረ የጫማ ኋላ እንደ ቀድሞው ተረከዝ አይይዝም።