ካርቦሃይድሬትን የሚቀንስ አመጋገብና የሳቹሬትድ ስብ ጉዳይ

ካርቦሃይድሬትን የሚቀንስ አመጋገብ ክብደትንና የደም ስኳርን ለመቀነስ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እንደሚረዳ ጥናቶች አሳይተዋል። ዋናው ጥያቄ በተቀነሰው እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ምትክ ምን ይበላል የሚለው ነው።

ቅቤ፣ ጮማ ሥጋና የፓልም ዘይት ሳቹሬትድ በተባለው የስብ ዓይነት የበለጸጉ ናቸው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት ኤል ዲ ኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ከደም የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል፤ የተረፈው ኮሌስትሮል በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መጠኑ ከዕለታዊ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ይህን መጠን ይሞላዋል።

ሳቹሬትድ ስብን በስኳርና በነጭ ዱቄት መተካትም ለልብ ጥቅም አያስገኝም። የሚሻለው በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት፣ በዓሣና በለውዝ መተካት ነው። በኢንሱሊን ወይም በግሊቤንክላሚድ የሚታከም የስኳር ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን ሳያማክር ካርቦሃይድሬትን ቢቀንስ የደም ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ስለሚችል፣ አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት የመድኃኒቱ መጠን መታየት ይኖርበታል።