ሁለት ካርዶች በአንድ ኮምፒውተር
በአንድ የጨዋታ ኮምፒውተር ሁለት የግራፊክስ ካርዶችን አስተባብሮ ኃይልን ማብዛት አዲስ ምኞት አይደለም፤ ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቩዱ 2 ካርዶች የአንድን ምስል መስመሮች ተከፋፍለው እንዲሥሉ አድርጎ ነበርና። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያም በ2004 ኤስኤልአይ የተባለውን ሥርዐት ሲያወጣ የካርዶቹ ባሕርይ አንድ እንዲሆን ደነገገ፤ ምስሎቹን እየተፈራረቁ የሚሠሩ ካርዶች ፍጥነታቸው ከተለያየ፣ አቅማቸው ሳይመጣጠን በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች፣ ብርቱው የደካማውን እርምጃ መጠበቁ አይቀርምና። ጨዋታዎች ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚነጋገሩበት፣ በ2015 የወጣው ዳይሬክትኤክስ 12 የተባለው ሥርዐት የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ካርዶች እንኳ በኅብረት እንዲሠሩ ቢፈቅድም፣ ሥራውን የማከፋፈሉ ሸክም በጨዋታው ሠሪዎች ላይ ስለ ወደቀ፣ አሽስ ኦፍ ዘ ሲንጉላሪቲን የመሰሉ ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ተጠቀሙበት። ስለዚህ ለጨዋታ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ካርዶችን ከማጣመር ይልቅ አንድ ብርቱ ካርድ ቢገዛ ይጠቀማል።