ከማዳበሪያው ጆንያ እስከ ሞሰብዎ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና ተጉዘው ያውቃሉ? መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ከሄዱ ከደጀን በኋላ በየከተማው አንድ ነገር ዓይንዎን ይስበዋል፤ በአህያ ጀርባ፣ በጋሪና በሰው ትከሻ ወደ ገጠር የሚጓዝ ነጭ ጆንያ። በውስጡ ያለው ጠጠር መሳይ ነገር በኬሚስትሪ ቋንቋ ጨው ነው፤ ወጥ ውስጥ የሚገባው ሳይሆን ፎስፌት የተባለው። የዚያ ጆንያ ነገር የገበሬው ብቻ እንዳይመስልዎ። እርስዎ እህል በረንዳ ላይ የሚጠየቁት የጤፍ ዋጋ አንዱ መነሻ እሱ ነው።

አርሶ አደሩ ለዓመታት «ዳፕ» እያለ የተጠቀመበት ጨው ሙሉ ስሙ ዳይ አሞኒየም ፎስፌት ነው። ከመሬት የሚቆፈረው የፎስፌት ድንጋይ በአሲድ ታሽቶ ፎስፎሪክ አሲድ ይሆናል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲዋሐድ ደግሞ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ጨው ይወጣዋል። ጆንያው ላይ 18-46-0 የሚል ቁጥር አለ። 18ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ዜሮው ፖታሽ እንደሌለው ይነግርዎታል። 46ቱ ግን የፎስፈረስ ኦክሳይድ መጠን ስለሆነ ንጹሑ ፎስፈረስ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከ50 ኪሎ ጆንያ 10 ኪሎ መሆኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ዳፕን ተክቶ የመጣው ኤንፒኤስ በበኩሉ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድና 7 በመቶ ድኝ ይዟል።

ይህ ሁሉ በጅቡቲ ወደብ በኩል፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት የአማራ ክልል አርሶ አደሮችን ለአቤቱታ አደባባይ ማውጣቱን ያስታውሱ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክረምት ቀጠሮ አያራዝምም።

እንግዲህ ገበሬው ያን ሁሉ ደጅ ጠንቶና ከፍሎ ያገኘው ጨው አፈር ውስጥ ገብቶ ቢቆለፍበትስ?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምንና በማቻከል ባሉ ደጋማ ቀይ አፈሮች ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደው አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌቱን ጨብጠው ይይዙታል። ማሳው ውስጥ ፎስፈረስ አለ፤ የሰብሉ ሥር ግን አያገኘውም። ገብሱና ስንዴው ሲቀጭጭ ገበሬው አሲዱን ወደሚችሉት ወደ ግብጦና ወደ እንግዶ ያዘነብላል፤ ወይም ማሳውን ለባሕር ዛፍ ይለቃል። ከዚያ ማሳ ወደ ከተማ ይመጣ የነበረው እህል በዚያው ይቀራል።

የቁልፉ መክፈቻ እዚያው ጎጃም ውስጥ አለ። የአባይን በረሃ ሲሻገሩ በገደሉ ላይ የሚያዩት ነጣ ያለ የድንጋይ ንጣፍ የኖራ ድንጋይ ነው። ተፈጭቶ ከመዘራቱ አንድና ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ አሲዱን ያበርደዋል፤ የተቆለፈውም ፎስፌት ይለቀቃል። ችግሩ ክብደቱ ላይ ነው። ለአንድ ሄክታር ማዳበሪያው በኪሎ ሲመዘን ኖራው በቶን ነው የሚጫነው። መኪና ለማይገባበት ቀበሌ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እንዲያም ሆኖ ኖራ ሳይደርስ በየዓመቱ ማዳበሪያ ብቻ መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

የፎስፈረስ ቁልፍ እርስዎ ማድ ቤት ውስጥም አለ። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፎስፈረስ 85 በመቶ ያህሉ አጥንትና ጥርስ ውስጥ በካልሲየም ፎስፌት መልክ ይገኛል። ጤፍ ደግሞ ፎስፈረሱን በአብዛኛው የሚያስቀምጠው ፋይቴት በተባለ ውሁድ ውስጥ ነው፤ ይህም ብረትና ዚንክን አስሮ ይይዛል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይፈርሳል፤ ማዕድናቱም ለሰውነት ይቀርባሉ። ስለዚህ እናቶቻችን ሊጡን ሁለትና ሦስት ቀን የሚያቆዩት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ሥራ በዝቶብዎ ቡኮውን ማሳጠር ሲያምርዎ ይህን ያስቡ።

ግቢዎ ውስጥ ጎመን ወይም አበባ ከተከሉም ጥቂት ነገር ልብ ይበሉ። ፎስፌት አፈር ውስጥ ብዙ ስለማይጓዝ ላይ ላዩን ከመበተን ከሥሩ አጠገብ መቅበር ይሻላል። ከኖራ ወይም ከአመድ ጋር አንድ ላይ አይቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተንና ሽታው ብቻ ይተርፍዎታል። ልጆች ከማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ባዶው ጆንያ ጠንካራ ቢሆንም ጤፍ፣ በርበሬ ወይም ሽሮ አይያዝበት።

በሚቀጥለው ጊዜ የጎጃም ጤፍ ሲገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ይጠይቁ። «ዘንድሮ ማዳበሪያው በጊዜ ደረሰ? ኖራውስ?» ብለው ነጋዴውን ያነጋግሩ። መልሱ የመጪውን ዓመት የቤትዎን ወጪ አስቀድሞ ሊነግርዎ ይችላል።